አናሎግ ሲጠፋ ሪሲቨሩን ማን ይገዛል?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የያዝኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼማ ታውቁኛላችሁ፤ ስለ ማሰራጫ ማውራት ከጀመርኩ ደወል ቢደወልም አላቆምም።

ጉዳዩ ቴሌቪዥን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የተሻገረበት ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ መሣሪያው ነው። አሮጌው ማሰራጫ ተነቀለ፣ አዲሱ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አለቀ። እኔ ግን የተለያዩ አገሮችን ታሪክ ሳገላብጥ ደጋግሜ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ማሰራጫ መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው። ገንዘብ ካለ መሐንዲሶች ይጨርሱታል። ከባዱ ነገር ያለው ሳሎን ውስጥ ነው። አንዲት እናት አሮጌ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው ማታ ዜና የሚያዩ ከሆነ፣ አናሎጉ በጠፋ ማግስት ምን ያያሉ? ሪሲቨሩን ማን ይገዛላቸዋል? ማንስ መጥቶ ይገጥምላቸዋል? የዲጂታል ሽግግር ታሪክ በአጭሩ የዚህች ጥያቄ ታሪክ ነው።

ለማታውቁት መጀመሪያ ልዩነቱን ላስረዳ። በአናሎግ ጊዜ አንድ ጣቢያ ከ7 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሚሆን የአየር ስፋት ለብቻው ይይዛል። ዲጂታል ግን ምስልና ድምፁን ወደ 0 እና 1 ቀይሮ፣ ጨምቆ ይልካል። በዚያው 8 ሜጋኸርዝ ውስጥ አሥርና ከዚያም በላይ ጣቢያ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰው ኮንትራት ይዞት ይሄድ የነበረውን ሚኒባስ 12 ሰው እንደ መጫን ማለት ነው። መንገዱ ያው ነው፣ ነዳጁም ያው ነው፣ የሚሄደው ሰው ግን በዛ።

ሌላም ጥቅም አለው፤ በተለይ እንደኛ ላለ ተራራማ አገር። በአናሎግ ጊዜ ሲግናሉ ተራራ መትቶ ሲመለስ ምስሉ ላይ ጥላ ይጥል ነበር፤ አንድ ዜና አንባቢ ሁለት ሆኖ ይታያል። ለዚህም ነው ጎረቤት የሆኑ ማሰራጫዎች አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ መጠቀም የማይችሉት የነበረው። በዲጂታል ግን በተራራ ግራና ቀኝ የቆሙ ማሰራጫዎች በልክ ከተቀናጁ በአንድ ፍሪኩዌንሲ አንድን ፕሮግራም አብረው ማሰራጨት ይችላሉ። ነጸብራቁ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ እንዲያውም ያግዛል።

ጉዳቱስ? የአናሎግ ሲግናል ሲደክም ምስሉ ነጫጭ ነጥብ ይለብሳል፣ ድምፁ ይንሿሿል፤ ግን ይታያል። ያን ዘመን የኖራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ዘንግ ያዞራል፣ ሌላው ከውስጥ «መጣ! መጣ! ... ኧረ ሄደ! ወደ ነበረበት መልሰው!» እያለ ይጮሃል። በዲጂታል ይሄ የለም። ሲግናሉ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጥና ድርግም ይላል። ክፍል ውስጥ «አናሎግ ቁልቁለት ነው፣ ዲጂታል ገደል ነው» እላችሁ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን ገደል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ታሪኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አገሮችን ጄኔቫ ላይ ሰበሰበ። ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ከ100 በላይ አገሮች ለአምስት ሳምንት ያህል ተቀምጠው የአየር ካርታውን እንደ አዲስ ተከፋፈሉ። አንድ ቀንም ቆረጡ፦ ጁን 17 ቀን 2015፣ በእኛ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.። ብዙ ሰው ይህን ቀን «አናሎግ በሕግ የሚታገድበት» አድርጎ ይወስደዋል። እንደዚያ አይደለም። ከጄኔቫ መጥቶ ማብሪያ ማጥፊያህን የሚጫን ፖሊስ የለም። የስምምነቱ ትርጉም፣ ከዚያ ቀን በኋላ የጎረቤት አገር ዲጂታል ማሰራጫ አናሎግህን ቢረብሸው አቤት የምትልበት ቦታ የለህም ማለት ነው። ለተወሰኑ ታዳጊ አገሮች በአንዱ የፍሪኩዌንሲ ክልል እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ አምስት ዓመት ተሰጠ።

ጄኔቫ ከመደረጉ በፊት ግን አንድ ከተማ ቀድሞ ሞክሮት ነበር፦ በርሊን። ነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ላይ በርሊንና አካባቢው የምድር አናሎግ ስርጭታቸውን ጨርሰው አጠፉ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በርሊን ለምን ቻለች? አንደኛ፣ አብዛኛው ቤት አስቀድሞ በኬብል ወይም በሳተላይት ነበር የሚያየው፤ በአንቴና ብቻ የሚያየው ከአሥር ቤት አንዱ ገደማ ነው። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። መግዛት ለማይችሉ፣ ከመንግሥት ድጎማ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሪሲቨር በእርዳታ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ሀብታም በሆነች አገር፣ ያውም በዋና ከተማዋ፣ «የሌለውስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እንግሊዞች ደግሞ ይህን ጥያቄ ትልቅ መርሐ ግብር አደረጉት። በትንሽ ከተማ ጀመሩ። ኋይትሄቨን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ላይ መጀመሪያ አንድ ጣቢያ ብቻ ጠፋ፤ የቀሩት ከአራት ሳምንት በኋላ ጠፉ። ሪሲቨር ያልገዛ ሰው አንዱ ጣቢያ ሲጠፋበት ይነቃና ሌሎቹ ሳይጠፉ ይዘጋጃል። ብልሃት ናት። ከዚያ በየክልሉ እየዞሩ አምስት ዓመት ፈጀባቸውና ጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ሰሜን አየርላንድ ላይ ጨረሱ። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለዓይነ ስውራን ባለሙያ ቤታቸው ድረስ መጥቶ መሣሪያውን ይገጥምላቸዋል፣ አጠቃቀሙንም ያሳያቸዋል። ክፍያው 40 ፓውንድ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነጻ ነበር። ለዚህ የተመደበው ገንዘብ 600 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነው፤ የመጣውም ሕዝቡ በየዓመቱ ለቴሌቪዥን ከሚከፍለው ክፍያ ላይ ነው።

አሜሪካኖች ሌላ መንገድ ሄዱ፦ ኩፖን። እያንዳንዱ ቤት ዋጋቸው 40 ዶላር የሆኑ እስከ ሁለት ኩፖኖች ጠይቆ መውሰድ ይችል ነበር። ሙከራውን ያደረጉት በአንድ የክፍለ ሀገር ገበያ ነው፤ ዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 እኩለ ቀን ላይ የንግድ ጣቢያዎቹ አናሎግን አጠፉ። ሪሲቨር ብዙው ሰው ገዝቷል፣ ማስታወቂያም ሲነገር ከርሟል። ችግሩ ባልተጠበቀ ቦታ መጣ። ከጣቢያዎቹ አንዱ የድሮ አናሎግ ማማው በጣም ረጅምና ሩቅ የሚደርስ ነበር፤ አዲሱ ዲጂታል ማሰራጫ ግን ሌላ ቦታ ነው የቆመው። በድሮው ስርጭት ዳር ላይ፣ ነጫጭ ነጥብ እየቀላቀለም ቢሆን ያዩ የነበሩ ሰዎች ሪሲቨር ገጥመውም ምንም አላገኙም። ያልኳችሁ ገደል ይሄ ነው። ከተማው መሀል ያለው ሰው ጥርት ያለ ምስል አገኘ፤ ዳር ያለው ገደል ገባ።

ከዚያ ጃንዋሪ 2009 ላይ የኩፖኑ ገንዘብ ከተፈቀደው ጣሪያ ደረሰና ጠያቂዎች ወረፋ ላይ ተቀመጡ። ፌብሩዋሪ 17 መጥፋት የነበረበት አገር አቀፍ አናሎግ በኮንግረስ ሕግ ወደ ጁን 12 ተገፋ። እስቲ አስቡት፤ ማሰራጫው ተዘጋጅቷል፣ ማማው ቆሟል፣ ሽግግሩ ግን የቆመው ድሃ ቤት ውስጥ ባልደረሰ ባለ 40 ዶላር ኩፖን ነው።

እዚህ ጋ ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። መንግሥታት ይህን ሁሉ የሚለፉት ለምስል ጥራት ብቻ ብለው አይደለም። አናሎግ ሲለቅ ባዶ የሚሆነው ፍሪኩዌንሲ ለሞባይል ኢንተርኔት እጅግ ተፈላጊ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ያልፋል። አሜሪካ ከቴሌቪዥን የተለቀቀውን ፍሪኩዌንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. በጨረታ ስትሸጥ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። ለኩፖኑ መጀመሪያ የተመደበው 1.5 ቢሊዮን ነበር። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። ከእናቶች ሳሎን የተወሰደ አየር ነው የተሸጠው፤ ለሪሲቨር የተመለሰላቸው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

ከጃፓን ደግሞ አንድ የምወደው ነገር አለ። ጃፓን ጁላይ 24 ቀን 2011 እኩለ ቀን ላይ አናሎግን አጠፋች። ከዚያ አራት ወር በፊት ግን ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደርሶ ነበር። ቤቱ የፈረሰበት፣ በመጠለያ ያለ ሰው ስለ ሪሲቨር እንዴት ያስባል? ስለዚህ በጣም የተጎዱት ሦስት አውራጃዎች፣ ኢዋቴ፣ ሚያጊ እና ፉኩሺማ፣ እስከ ማርች 31 ቀን 2012 ድረስ በአናሎግ እንዲቆዩ ተደረገ። በሰዓት አክባሪነቱ የሚታወቅ አገር ለተቸገሩት ሰዓቱን አቆመ።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ታንዛኒያ ዲሴምበር 31 ቀን 2012 ዳሬሰላም ላይ ጀምራ በየከተማው ደረጃ በደረጃ አጠፋች። የኬንያው ግን ሌላ ትምህርት አለው። በአናሎግ ዘመን እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ማሰራጫ ነበረው። በዲጂታል ግን ያ ሚኒባስ ስለሆነ፣ ሹፌር ያስፈልገዋል፤ የሁሉንም ጣቢያ ሲግናል ጠቅልሎ የሚያሰራጭ ድርጅት ማለት ነው። ኬንያ ይህን ፈቃድ መጀመሪያ የሰጠችው ለመንግሥት ኩባንያና ለአንድ የቻይና ኩባንያ ነው። ትልልቆቹ የግል ሚዲያዎች፣ ኔሽን፣ ስታንዳርድ እና ሮያል ሚዲያ፣ «ድምፃችንን በሌላ ሰው መኪና ብቻ አንጭንም» ብለው ተሟገቱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2015 ተቆጣጣሪው አካል አናሎግ ማሰራጫዎቻቸውን አጠፋ፤ እነሱም በሌሎቹ ሪሲቨር አንገባም አሉ። ኤንቲቪ፣ ኬቲኤንና ሲቲዝን ለ19 ቀናት ያህል ከአየር ጠፉ። ኬንያዊው ተመልካች ሪሲቨር ገዝቶም ማየት የፈለገውን አጣ። ስለዚህ «ሪሲቨሩን ማን ይገዛል?» ከሚለው ቀጥሎ «ማማውን ማን ይይዛል?» የሚል ጥያቄም አለ።

እኛስ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ። ከለር የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የሄደው ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በሚቀባበል የማይክሮዌቭ መስመርና በየከተማው አናት ላይ በተተከሉ ማሰራጫዎች ነው። ይህ የቅብብል ሥራ ነው። እያንዳንዱ ኮረብታ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት በሌለበት ጄኔሬተርና ናፍጣ ይፈልጋል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ በመብረቅ ሲመታ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ኮረብታ ላይ ናፍጣ ካለቀ ከሱ ወዲያ ያለው ከተማ ሁሉ ዜና ያመልጠዋል። እነዚያን ኮረብታዎች የጠበቁ ቴክኒሻኖች ስማቸው በየትኛውም የቴሌቪዥን ታሪክ ላይ ሲጠራ አልሰማሁም። ከእናንተ መሀል አባቱ እዚያ የሠራ ካለ ይንገረኝ፤ በእውነት እፈልጋለሁ።

የጄኔቫው ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲደርስ እኛ አናሎግን አላጠፋንም። ግን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ዲሽ በሚባል ነገር። መጀመሪያ ለዓረብ ሳት ፊልምና ለእግር ኳስ ብሎ የገዛው፣ ቀስ በቀስ ናይል ሳት ላይ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሶማልኛ ጣቢያ ሲበዛ ዋና ቴሌቪዥኑ አደረገው። ሳተላይቱ ዲጂታል ነው፣ ሪሲቨሩም ዲጂታል ነው። ማለትም የኢትዮጵያ የዲጂታል ሽግግር ያለ ሪባን፣ ያለ ኩፖን፣ ያለ ማስታወቂያ፣ በየጣሪያው ላይ ተካሄደ። የሠሩት መሐንዲሶች ደግሞ የየሰፈሩ ዲሽ ሰሪዎች ናቸው፤ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጥቅል ኬብልና አንድ ትንሽ መፈለጊያ የያዙ ልጆች። ብዙዎቹ የእናንተ ዓይነት ልጆች ነበሩ።

ለክልል ጣቢያዎች ይህ ትልቅ በር ከፈተ። መጀመሪያ ከአገር አቀፉ ጣቢያ ላይ በሰዓት የተገደበ ጊዜ ይዘው ይሠሩ የነበሩት፣ ሳተላይት ላይ ሲወጡ ሙሉ ቀን የራሳቸው ሆነ። የባሕር ዳሩ ሞያሌ ላይ ታየ፣ የጅግጅጋው ጎንደር ላይ። ማማውን ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄም ቅርጹ ተቀየረ። ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጣቢያ ከፍተው ወደ አገር ቤት ማሰራጨት ቻሉ፤ መንግሥትም በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት የሚከለክል መመሪያ እስከማውጣት ደረሰ። አናሎግ ማማ ቢሆን ኖሮ መመሪያም አያስፈልግም ነበር፤ ማማው ላይ አለማውጣት ብቻ ይበቃል።

ግን ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የከፈለው ደግሞ ቤተሰቡ ነው። በርሊን ለድሃው የገዛችውን፣ እንግሊዝ ለአዛውንቱ የገጠመችውን፣ አሜሪካ በኩፖን የደጎመችውን ሪሲቨር እዚህ እያንዳንዱ ቤት ከኪሱ ገዛ። ያውም ሁለት ጊዜ። በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ጣቢያዎቻችን ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ወደ ምዕራብ ወደ ናይል ሳት ያዩ የነበሩ ሳህኖች ወደ ምሥራቅ ወደ 57 ዲግሪ መዞር ነበረባቸው። ሁለቱንም ማየት የፈለገ ሁለተኛ ሳህን ጨመረ። ዲሽ ሰሪ የሚከፍል ያጣ ወይም ጣሪያ ላይ የሚወጣ ልጅ የሌለው ቤት ለስንት ጊዜ ጠቁሮ ከረመ! ይህን የቆጠረ የለም።

የክልል ጣቢያውም የራሱ ዕዳ አለበት። ሳተላይት በውጭ ምንዛሪ የሚከራይ ነገር ነው፤ ጨረሩም ከአንድ ክልል እጅግ የሰፋ ነው። ለአንድ ዞን ገበሬ ስለ ተምች ለመንገር ምሥራቅ አፍሪካን የሚሸፍን ጨረር ትከራያለህ ማለት ነው። ለዚህ ነው የዞንና የከተማ ቴሌቪዥን የሚከብደን። በአንድ ከተማ አናት ላይ የሚቆም የምድር ዲጂታል ማሰራጫ ግን ለዚያ ከተማና ለዙሪያው ብቻ አሥር ጣቢያ መሸከም ይችላል፤ የመንደር ዜና፣ የትምህርት ፕሮግራም፣ የአካባቢው ቋንቋ ሁሉ ይገባበታል። ኪራዩ በብር ነው። የክረምት ከባድ ዝናብም እንደ ሳተላይቱ አያጨልመውም።

ስለዚህ የምድር ዲጂታል አያስፈልገንም የሚሉኝን ወዳጆቼን አልስማማም። ያስፈልገናል። ግን «ማሰራጫ ተከልን» ብቻ ተብሎ ሽግግሩ ተጠናቀቀ እንዳይባል። ዲሽ ላለው ሰው ሦስተኛ ዕቃ ግዛ ብትለው አይገዛም፤ የሚጠቅመው ነገር ካላየበት ለምን ይገዛል? ዲሽ ለሌለው ደግሞ መጀመሪያውኑ አቅሙ የለውም። ከአንድ ከተማ ተጀምሮ ይሞከር። የሲግናሉ ዳር የት እንደሚያልቅ ሰው ሄዶ በመሣሪያ ይለካ፤ ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ተራራ አያውቅም። ከአናሎግ የሚለቀቀው አየር ለሞባይል ሲሸጥም ከሽያጩ የተወሰነው ሪሲቨር ሆኖ ወደ ድሃው ቤት ይመለስ። አየሩ የሁሉም ነውና።

እስቲ እናንተም ጨምሩበት። እናንተ አካባቢ አንቴና እስከ መቼ ነበር የሚሠራው? የመጀመሪያውን ዲሽ ሰፈራችሁ ውስጥ ማን አስገባ? ወደ ኢትዮሳት ሲዞር ለዲሽ ሰሪው ስንት ከፈላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ይሄ ታሪክ ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም። ዲሽ ሰሪ የነበራችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ዝም እንዳትሉ፤ ይህ የእናንተ ታሪክ ነው።